የወል ስምና የተጸውዖ ስም በእንግሊዝኛ ሰዋስው



በማስጠኛ ክፍላችን «እህቴ ሰላም ትባላለች» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ተማሪዎች ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱ ጠይቀን ነበር። ከመካከላቸው አንዱ የእህቱን ስም «ፒስ» ብሎ ተረጐመው። ልጁ ቃሉን አላጣውም፤ «ፒስ» በእርግጥ ሰላም ማለት ነው። የሳተው ነገር፣ ቃሉ በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንዲትን ሰው ለመጥራት የቆመ መሆኑን ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚሁ ልዩነት ይሆናል።

የወል ስም በአንድ ዓይነት ሥር ለሚገኙት ሁሉ በጋራ የሚነገር ነው፤ ሰው፣ ከተማ፣ ወንዝ እንደምንል። የተጸውዖ ስም ግን ከእነዚያ መካከል አንዱን ለይተን የምንጠራበት ነው፤ ጴጥሮስ፣ ሐረር፣ አዋሽ እንደምንል። «ተጸውዖ» የሚለው ቃል ራሱ ጸውዐ፣ ማለትም ጠራ፣ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። እንግዲህ የወል ስም «ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ፣ የተጸውዖ ስም ደግሞ «ማን ይባላል?» ለሚለው መልስ ይሰጣል።

በአማርኛም ቢሆን ሳናስተውለው በዚህ ልዩነት እንጠቀማለን። «ተማሪው» እንላለን እንጂ «ጴጥሮሱ» አንልም፤ «ተማሪዎች» ብለን እናበዛለን፤ ጴጥሮስንና አብረውት ያሉትን ግን «እነ ጴጥሮስ» እንላለን። ይሁን እንጂ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ተብሎ ስለማይከፈል፣ «አዲስ አበባ ገዛሁ» እና «አዲስ አበባ ደረስኩ» በሚሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ሁለቱ ቃላት በአንድ መልክ ይጻፋሉ። የቱ አበባ፣ የቱ ከተማ እንደ ሆነ የምንለየው ከግሡ ነው።

እንግሊዝኛ ግን ለዓይን የሚታይ ምልክት አለው። የተጸውዖ ስም በዐረፍተ ነገር መካከል ቢገኝ እንኳ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ የወል ስም በትንሽ ፊደል ይጻፋል። ይህም ምልክት ትርጉምን ይለውጣል። «ቻይና» በትልቅ ፊደል ሲጀምር አገሪቱ ናት፤ በትንሽ ፊደል ሲጀምር ግን በዚያች አገር ስም የተሰየመው ጥሩ የሸክላ ዕቃ ነው። «ዋይት ሃውስ» በትንንሽ ፊደላት ቢጻፍ ማንኛውም ነጭ ቤት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ ቃላት በትልቅ ፊደል ሲጀምሩ ግን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መኖሪያ ይሆናል። «ጋድ» በትልቅ ፊደል ሲጀምር እግዚአብሔር ማለት ነው፤ በትንሽ ሲጀምር አሕዛብ ከሚያመልኳቸው አማልክት አንዱን ያመለክታል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ መጻሕፍትን የሚያነቡ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ይህን ምልክት ሳያስተውሉ ማለፍ አይገባቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ነጥቦች ለተማሪዎቻችን ብናስጨብጣቸው ይጠቅማሉ።

1ኛ. ማዕረግ ብቻውን ሲቆም የወል ስም ነው። «ኤ ቢሾፕ» ስንል አንድ ጳጳስ ማለታችን ነውና በትንሽ ፊደል ይጻፋል፤ «ቢሾፕ ፖል» ስንል ግን ማዕረጉም የስሙ ክፍል ሆኗልና በትልቅ ፊደል ይጀምራል።

2ኛ. የዕለታትና የወራት ስሞች በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ የዓመቱ ወቅቶች ስሞች ግን እንደ ወል ስም በትንሽ ፊደል ይጻፋሉ።

3ኛ. የአንድ ሰው፣ የከተማና የአብዛኞቹ አገሮች ስም «ዘ» የሚለውን ቃል አያስቀድምም። ወንዞችና ባሕሮች ግን ያስቀድማሉ፤ «ዘ ናይል» እንደሚባል። ሐይቅ ደግሞ «ሌክ ጣና» ተብሎ ያለ «ዘ» ይጠራል።

4ኛ. ትልቅ ፊደል ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። የዐረፍተ ነገር የመጀመሪያ ቃል ሁሉ በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ እኔ ማለት የሆነው «አይ» ተውላጠ ስም ሳለ ሁልጊዜ በትልቅ ፊደል ይጻፋል። በ1787 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም እንደ ዘመኑ ልማድ አብዛኞቹን የወል ስሞች በትልቅ ፊደል ጀምሯቸዋል።

ስሞች ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንደሚሻገሩም ማወቅ መልካም ነው። ቮልታ እና ዋት የሁለት ሊቃውንት ስሞች ነበሩ፤ ዛሬ የኤሌክትሪክ መለኪያ የሆኑት «ቮልት» እና «ዋት» የወል ስሞች ናቸውና በእንግሊዝኛ በትንሽ ፊደል ይጻፋሉ።

በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባን አንድ ነገር አለ። የወል ስም አጻጻፉ ከመዝገበ ቃላት ይገኛል። የሰው ስም ግን በላቲን ፊደል ሲጻፍ ሕጉ ባለቤቱ የለመደው አጻጻፍ ነው። ከምእመኖቻችን አንዲት ወጣት፣ የአባቷ ስም በጥምቀት ምስክር ወረቀቷና በትምህርት ማስረጃዋ ላይ በአንድ ፊደል ተለያይቶ በመገኘቱ፣ ያው አንዷ ሰው መሆኗን ለማስረዳት ወራት ሙሉ ተመላልሳለች። ምስክር ወረቀቱን የጻፍነው እኛው ነበርን። በመሰለን ፊደል ጻፍን እንጂ «እናንተ እንዴት ትጽፉታላችሁ?» ብለን አልጠየቅንም። ስለዚህ ምስክር ወረቀት የምናዘጋጅ ሁሉ፣ ስምን አንተርጕም፤ አጻጻፉንም ከባለቤቱ ጠይቀን ከቀደመው ማስረጃ ጋር እናስተያየው። አንድ ፊደል ለእኛ ትንሽ ናት፤ ለስሙ ባለቤት ግን ማንነቱ ናት።

መልመጃ። የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፦

ሀ. ተስፋ ተስፋ አልቆረጠም።
ለ. ፀሐይ ልብሱን ፀሐይ ላይ አሰጣች።
ሐ. ማክሰኞ ዕለት ወደ ወንዙ ወረድን።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የፊተኛው «ተስፋ» መጠሪያ ነውና ሳይተረጐም በትልቅ ፊደል ይጻፋል፤ የኋለኛው ግን ይተረጐማል። የቀሩትን ሁለቱን በዚሁ መንገድ ከልጆቻችሁ ጋር ትሠሯቸው ዘንድ ትተንላችኋል።