ከዜማው በታች ያለው መሪ፦ የባስ ጊታር ተጫዋቹ ሚና በትንሽ የሙዚቃ ቡድን ውስጥና ለጅግጅጋ አካባቢ የሙዚቃ ጥናት ያለው ፋይዳ

መግቢያ

በአገራችን የሸክላና የካሴት ልባሶች ላይ ጎልቶ የሚታየው የድምፃዊው ምስልና ስም ነው። ከዚያ ቀጥሎ የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ አንዳንዴም የአቀናባሪውና የባንዱ ስም ይጠቀሳል። የባስ ጊታር ተጫዋቹ ግን ብዙ ጊዜ በባንዱ ስም ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። ይህ አጻጻፍ የሙዚቃ ታሪካችንን አረዳድ አዛብቷል። ባስ የሚጫወተው ሰው በብዙ ትንንሽ ቡድኖች ውስጥ አጃቢ ብቻ አልነበረም፤ መሪም፣ አቀናባሪም፣ ደራሲም ሆኖ ሠርቷል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የጆቫኒ ሪኮንና የሄኖክ ተመስገንን ሥራ መነሻ በማድረግ ባስ ተጫዋች ቡድንን በምን መንገድ ሊመራ እንደሚችል ማሳየት ነው። ሁለተኛው፣ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት በጅግጅጋና በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች ማለትም በቶጎ ውጫሌ፣ በአውበሬ፣ በቀብሪ በያህ፣ በሽንሌና በደወሌ ለሚካሄድ የሙዚቃ ጥናት ምን እንደሚጠቅም መጠቆም ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ በሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት ባስ ተጫዋቾች፣ ሁለት ዓይነት መሪነት

የኢትዮ ጃዝ ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው በሙላቱ አስታጥቄ በኩል ነው። በ1943 በጅማ የተወለደው ሙላቱ በለንደንና በቦስተን የቀሰመውን የጃዝ ዕውቀት ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር በማዋሐድ፣ በተለይ በ1972 እና በ1974 ባወጣቸው አልበሞች ለዘርፉ ስምም መልክም ሰጥቷል። ሙላቱ የቫይብራፎንና የኪቦርድ ተጫዋች ነው። በተመሳሳይ ዘመን ዋልያስ ባንድ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ነው። አይቤክስ ባንድ ግን ከዚህ የተለየ ምሳሌ ያቀርባል።

አይቤክስ በ1970ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ በሚገኘው ራስ ሆቴል ይሠራ የነበረ ቡድን ሲሆን፣ ከምሰሶዎቹ አንዱ ባስ ጊታር ተጫዋቹ ጆቫኒ ሪኮ፣ ሌላው ጊታር ተጫዋቹ ሰላም ሥዩም ነበሩ። ቡድኑ በ1975 ከማህሙድ አህመድ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» በ1986 በቤልጂየም እንደገና ታትሞ የኢትዮጵያን ዘመናዊ ሙዚቃ ለአውሮፓ አድማጭ ካስተዋወቁት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ሆነ። በ1976 ደግሞ አይቤክስ በራስ ሆቴል ድምፃዊ የሌለበት የሙዚቃ አልበም ቀረፀ። በኋላ ጆቫኒና ሰላም በሮሃ ባንድ በኩል ሥራቸውን ቀጥለው በ1980ዎቹ እጅግ ብዙ የካሴት አልበሞችን አጅበዋል። አይቤክስን በጥብቅ ትርጉሙ የጃዝ ቡድን ነው ማለት ያከራክራል። ሆኖም በአጭር ተደጋጋሚ የባስ ሐረግ ላይ ረጅም የሳክስፎንና የጊታር ፈጠራን መገንባቱ የጃዝን አሠራር በግልጽ ያሳያል።

ሄኖክ ተመስገን የሌላ ትውልድና የሌላ መንገድ ምሳሌ ነው። ከቴዎድሮስ አክሊሉና ከአበጋዝ ክብረወርቅ ሺኦታ ጋር በዋሽንግተን ዲሲ የመሠረተው አድማስ ባንድ በ1984 በራሱ አቅም ያሳተመው አልበም፣ ከ36 ዓመት በኋላ በ2020 እንደገና ታትሟል። በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የተማረው ሄኖክ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በአዲስ አበባ በጃዝ ትምህርትና በትንንሽ ቡድኖች ሥራ ላይ ተሰማርቷል። በግሩም መዝሙር መሪነት አንጋፋው የማንዶሊን ተጫዋች አየለ ማሞ በተሳተፈበት አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት ውስጥም ባስ ተጫውቷል። የጆቫኒ መሪነት ከመድረክና ከስቱዲዮ ሥራ የመነጨ ሲሆን፣ የሄኖክ መሪነት ደግሞ ማስተማርንም ይጨምራል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው መሣሪያው ለተጫዋቹ የሚሰጠው ሥልጣን ነው።

የባስ ሥልጣን፦ ማረፊያ ድምፅ፣ ምትና ቅርጽ

ባስ ተጫዋች ቡድኑን የሚመራባቸው መንገዶች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው የማረፊያ ድምፅን መወሰን ነው። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሉትን አምስት ድምፆች እንውሰድ። በመካከላቸው የግማሽ ድምፅ ርቀት ስለሌለ ጆሮን ወደ አንድ ማረፊያ በግድ የሚጎትት ነገር የለም። ባሱ ዶን ከያዘ የምንሰማው ትዝታ ሜጀርን ነው። ድምፃዊው ሳይለወጥ ባሱ ላን ቢይዝ ግን እነዚያው አምስት ድምፆች ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ሆነው ወደ ባቲ ማይነር መልክ ይዞራሉ። በአንቺሆዬ ሁኔታው ይለያል። ዶ፣ ሬ በሞል፣ ፋ፣ ሶል በሞል፣ ላ በሚሉት ድምፆች መካከል ጠባብ ርቀቶችና በዶና በሶል በሞል መካከል ያለው ሻካራ ርቀት ስላሉ፣ ባስ ተጫዋቹ የምዕራባውያንን የተለመደ የኮርድ አካሄድ ቢከተል ቅኝቱን ያፈርሰዋል። ስለዚህ ማቀናበር የሚጀምረው ባሱ የትኛውን ድምፅ እንደሚይዝ ብቻ ሳይሆን የትኛውን እንደሚተው በመወሰን ነው።

ሁለተኛው ምትን መተርጎም ነው። በችክችካ ስድስት እኩል ምቶችን ሁለት ጊዜ ሦስት ወይም ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎ መከፋፈል ይቻላል። ከበሮው አንዱን ሲይዝ ባሱ ሌላውን ሊይዝ ይችላል፤ ጨፋሪው የሚከተለውም ብዙ ጊዜ ባሱን ነው።

ሦስተኛው ቅርጽን መምራት ነው። ተደጋጋሚ ሐረግ ላይ በተመሠረተ ሙዚቃ ውስጥ ብቸኛ ተጫዋቹ መቼ እንደሚያቆም፣ ድምፃዊው መቼ እንደሚመለስ የሚታወቀው በባሱ ለውጥ ነው። ሐረጉን አንድ ጊዜ ማቋረጥ ወይም ወደ ላይኛው ድምፅ ማንሣት ለቡድኑ ሁሉ ትእዛዝ ነው። ቡድኑ አራት ወይም አምስት ሰው ብቻ ሲሆን ይህ ትእዛዝ ያለ ዳይሬክተር ይፈጸማል።

ወደ ጅግጅጋ፦ ሙዚቃው አለ፣ ባሱ የት ነው?

ጅግጅጋና አካባቢዋ የሁለት የሙዚቃ ዓለማት መገናኛ ናቸው። በአንድ በኩል፣ በ1902 ባቡር የገባላት ድሬዳዋና ጥንታዊቷ ሐረር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በሶማልኛ የሚዘፈንባቸው ጎረቤቶቿ ናቸው። የድሬዳዋው ተወላጅ አሊ ቢራ በበርካታ ቋንቋዎች መዝፈኑ የዚህ አካባቢ ጠባይ ነው። በሌላ በኩል፣ ከድንበሩ ማዶ በቦረማ የጭነት መኪና ሾፌሩ አብዲ ሲኒሞ በ1940ዎቹ አጋማሽ የጀመረው «በልዎ»፣ ቀጥሎም አብዱላሂ ቀርሼ ከካባን (ከዑድ) ጋር ያስተዋወቀው ዘመናዊ የሶማልኛ ዘፈን አሉ። የሶማሌ ክልል የራሱ የሆነው «ዳንቶ» ደግሞ ለባስ ተጫዋች ሰፊ ቦታ የሚሰጥ ምት አለው። ብዙ አድማጮች ከሬጌ ጋር የሚያመሳስሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

የሶማልኛ ሙዚቃም በአምስት ድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው። በመሆኑም ከላይ የተገለጸው የማረፊያ ድምፅ ጥያቄ እዚህም ይነሣል። በካባንና በከበሮ ብቻ በሚቀርብ «ቀራሚ» ውስጥ የባሱን ሥራ የሚሠራው የካባኑ ወፍራም ክር ነው፤ ማረፊያውን የሚያመለክተው ካባን ተጫዋቹ በዚያ ክር ላይ በሚመርጠው ድምፅ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሞቃዲሾ የነበሩት እንደ ዱር-ዱር ያሉ ባንዶች ይህን ሥራ ለባስ ጊታር ሰጡት። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ባንዶቹ ሲበተኑ ብዙው የሠርግና የስቱዲዮ ሥራ ወደ ኪቦርድ ዞረ። ባሱም የኪቦርድ ተጫዋቹ ግራ እጅ ወይም ቀድሞ የተዘጋጀ ምት ሆነ። እንግዲህ በአንድ ባህል ውስጥ ሦስት ዓይነት ባስ አለ፦ የካባን ክር፣ የባስ ጊታርና የኪቦርድ ግራ እጅ። እነዚህን ሳይለዩ «የሶማልኛ ዘፈን ባስ የለውም» ወይም «ባሱ ከውጭ የመጣ ነው» ብሎ መደምደም ስህተት ነው።

የታሪክ ማስረጃው እኩል አለመሆኑም መታወስ አለበት። አይቤክስ በራስ ሆቴል ሲቀርፅ አዲስ አበባ በሰዓት እላፊ ሥር ብትሆንም ሆቴሎች፣ መሣሪያዎችና አሳታሚዎች ነበሯት። ጅግጅጋ ግን በመስከረም 1977 በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ በመጋቢት 1978 ነው የተመለሰችው። የአንዱ ከተማ ሙዚቃ በሸክላና በካሴት መቆየቱና የሌላው በሰዎች ትዝታ ብቻ መቅረቱ የሙዚቃው ደረጃ መለኪያ አይደለም። የቀረፃ ዕድል ልዩነት ውጤት ነው።

ለአጥኚዎች የቀረበ የአሠራር ሐሳብ

በዚህ መስክ ለመሥራት ለሚያስብ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሦስት ተግባራዊ ነጥቦች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ የካሴት ድምፅ ባስን ይደብቃል። የባስ ጊታር ዝቅተኛው ልቅ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ይነዝራል። አነስተኛ የቴፕ ስፒከር ይህን ድምፅ በሚገባ አያወጣም፤ ጆሯችን የሚገምተው 82 እና 123 ኸርዝ ላይ ካሉት ተከታይ ድምፆች ነው። ስለዚህ በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ሳይሰሙ የባሱን መስመር በኖታ መጻፍ የአንድ ስምንዮሽ ስህተት ሊያስከትል ይችላል። በተጨማሪም የቴፑ ፍጥነት በ6 በመቶ ከተዛባ ሙዚቃው በግማሽ ድምፅ ያህል ይቀየራል። «ዘፈኑ በዚህ ድምፅ ላይ የተመሠረተ ነው» ከማለት በፊት የሁለት ቅጂዎች ንጽጽር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ቃለ መጠይቁ ስለ ድምፃዊው ብቻ መሆን የለበትም። «ልምምዱን ማን ይጀምር ነበር? ማቆሚያውን ማን ያመለክት ነበር? ባሱን ማን ፈጠረው?» የሚሉ ጥያቄዎች መካተት አለባቸው። ከተቻለ መሣሪያውን በእጃቸው ሰጥቶ መጠየቅ የበለጠ ውጤት አለው፤ ቃል የዘነጋውን ጣት ያስታውሳልና።

ሦስተኛ፣ የተሰበሰበው ሁሉ ለሕዝብ በሚደርስ ማኅደር መቀመጥ አለበት። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌ በኩል በምትገኘው ሐርጌሳ የባህል ማዕከሉ ከ10,000 የሚበልጡ የሶማልኛ ካሴቶችን አሰባስቧል። ከተማዋ በ1988 በአውሮፕላን ስትደበደብ ከጥፋት እንዲተርፉ የተሸሸጉ ቅጂዎችም ነበሩ። በዚህ መንገድ የተረፉ ሥራዎች በ2017 በአንድ ስብስብ ታትመው ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደርሰዋል።

የመብት ጥያቄ

ጉዳዩ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመታት፣ ለከዋኝ ደግሞ ለ50 ዓመታት የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል፤ ቅንብርንም ከጥበቃው አላስወጣም። ዘፈኑን ዘፈን ያደረገውን የባስ ሐረግ የፈጠረ ሰው ታዲያ ምን ይባላል? ከዋኝ፣ አቀናባሪ ወይስ ተባባሪ ደራሲ? መልሱ የሚገኘው ከሕጉ ቃል ብቻ ሳይሆን ከመዝገብ ጭምር ነው። ማን ምን እንደ ፈጠረ ያልተጻፈበት ሥራ በውጭ አገር እንደገና ሲታተም፣ ባስ ተጫዋቹ ስሙንም ድርሻውንም የሚጠይቅበት ማስረጃ አይኖረውም። አጥኚው ዛሬ የሚሞላው የቃለ መጠይቅ ቅጽ ነገ ለአንድ አረጋዊ ወይም ለልጆቹ የመብት ሰነድ ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

ጆቫኒ ሪኮና ሄኖክ ተመስገን ባስ የሚጫወት ሰው ማረፊያ ድምፅን፣ ምትንና ቅርጽን በመወሰን የቡድን መሪ መሆን እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ግንዛቤ ወደ ጅግጅጋና ወደ ሰሜናዊ ከተሞች ሲወሰድ አዲስ ጥያቄ ይወልዳል፦ በካባኑ ወፍራም ክር፣ በባስ ጊታርና በኪቦርድ ግራ እጅ የተመራው ሙዚቃ የማን ፈጠራ ነበር? ጥያቄውን ለመመለስ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። አንድ መቅረጫ፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫና በትዕግሥት የሚጠይቅ ተማሪ ይበቃሉ። ጊዜው ግን ውድ ነው። ካሴቶቹ እያረጁ፣ የተጫወቱባቸው ሰዎችም በዕድሜ እየገፉ ናቸውና፣ ሥራው ከድምፃዊው ጀርባ ከቆመው ሰው ሊጀመር ይገባዋል።