ስለ ነፍሰ ጡር ሴት የደም ማነስና ነርስ ስለምታደርገው ጥበቃ

ለደም ቀይ መልክ የሚሰጠው ሄሞግሎቢን የተባለው ነገር ነው፤ እርሱም ያለ ብረት አይሠራም። ተግባሩም ከሳንባ አየርን ተቀብሎ ለሰውነት ሁሉ ማድረስ ነው። ሴት በፀነሰች ጊዜ ለራስዋም ለፅንሱም ብረት ያስፈልጋታልና፥ ከምግብዋ ካልሞላላት ደምዋ እየቀጠነ ይሄዳል። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ሄሞግሎቢኑ ከ11 ግራም ያነሰ እንደሆነ የደም ማነስ ይባላል። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት ከ100 ነፍሰ ጡሮች 29 ያህሉ ይህ ጉድለት ተገኝቶባቸዋል።

ምልክቱ ድካም፥ ራስ ማዞር፥ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር ነው። ይህ ሁሉ የእርግዝና ጠባይ ነው እየተባለ ይታለፋል። አደጋው የሚገለጠው ግን በምጥ ጊዜ ነው፤ ጤነኛይቱ የምትችለውን የደም መፍሰስ ደመ ቀጭኗ አትችለውምና። ልጁም ያለ ወሩ ወይም ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል።

በጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ የዓይንን ሽፋን ገልጣ ንጣቱን ታያለች፤ ከጣትም ጥቂት ደም ወስዳ ትለካለች። ከዚያም 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ ያለበትን ኪኒን በየቀኑ አንድ አንድ እንድትውጥ ትሰጣታለች። ወባ ባለበት አገር አጎበር፥ የሆድ ትል በበዛበትም ከሦስተኛው ወር በኋላ የትል መድኃኒት ይጨመራል፤ ወባም ትልም ደምን ያጐድላሉና።

ነገር ግን ኪኒን መስጠትና ኪኒን ማስዋጥ አንድ አይደለም። በዚያው ጥናት 90 ቀንና ከዚያ በላይ የዋጡት እናቶች ከ100 5 ያህል ብቻ ነበሩ። አንዳንዲቱ ልጁ በሆድ ገዝፎ ምጡን ያጸናብኛል ብላ ትፈራለች፤ ሌላይቱ ሰገራዋ ሲጠቁር ደንግጣ ትተዋለች። ብልህ ነርስ ስለዚህ አስቀድማ ትናገራለች፤ ኪኒኑ የእናቲቱን ደም ይጠብቃል እንጂ ምጥ የሚያጸና ግዙፍ ልጅ አያመጣም፤ ሰገራ መጥቆሩም ጉዳት የለውም፤ ቢያቅለሸልሻት ከራት በኋላ ትዋጠው። በሚመጣውም ቀጠሮ የቀረውን ኪኒን ቈጥራ ያለ ቍጣ ምክንያቱን ትጠይቃለች። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው የተመደቡት ሴቶችም ይህንኑ በየቤቱ እየዞሩ ያስረዳሉ።

ስለ ምግብም፥ ጤፍ ብረት አለበት፤ ሆኖም የእህል ብረት እንደ ሥጋ ብረት ወደ ደም ፈጥኖ አይገባም። የሊጡ መቡካት ይረዳል፤ ከምስርና ከጎመን ጋራ ቃሪያ ወይም ሎሚ መጨመርም እንዲሁ። ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ይይዙታል። ቡና ተዉ ማለት በአገራችን ሰሚ የማያገኝ ምክር ነውና፥ ከምግብና ከኪኒን ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ ማለት ይበቃል። በጾም ወራት ነፍሰ ጡርዋ ከምግብ እንዳትጐድል ሽማግሎች ካህኑን ወይም ሼኩን አስቀድመው ቢያነጋግሩላት፥ የነርሲቱ ቃል ብቻውን የማይደርስበት ይደርሳል።

መምህራንም ኪኒኑ ከሕፃናት እጅ እንዲርቅ ለተማሪዎች ይንገሩ፤ ትንሽ ልጅ ብዙውን ቢውጥ ይሞታልና። ተቀምጣ ሳለች ትንፋሽ የሚያጥራት ወይም ደም የሚፈስሳት ነፍሰ ጡር ብትገኝ፥ ኪኒን ይሠራላታል ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትወሰድ።