የሀገር ዜማ በጸሎት ውስጥ፦ ከኮንጎና ከአርጀንቲና የምንማረው



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዝማሬ ነው። በዕረፍት ቀናችን ለጸሎት ስንሰበሰብ አጠገባችን ፊሊፒናዊቷ፣ ሕንዳዊቷና ስሪላንካዊቷ ይቆማሉ። ታዲያ አብረን እንዘምር ሲባል ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ በማን ዜማ? አንዳንዶች «ሁሉም የሀገሩን ያምጣ» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የሀገር ዘፈን ከጸሎት ጋር ምን አገናኘው?» ብለው ይቆጣሉ። ሁለቱም ወገኖች ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም። በመዝሙር 136 (በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 137) እንደምናነበው፣ ወደ ባቢሎን የተማረኩት ሰዎችም በባዕድ ሀገር መዘምር ጨንቋቸው ነበር።

ስለዚህ ከእኛ በፊት ይህን ጥያቄ በሥራ የመለሱ ሁለት ሕዝቦችን እንመልከት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከበሮ የተከለከለበት ጊዜ

እኛ ኢትዮጵያውያን ከበሮና ጸናጽል በቤተ መቅደስ እየሰማን ስላደግን ነገሩ ሊደንቀን ይችላል። በላቲን ሥርዓት በሚቀድሰው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን ከበሮ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። በ1903 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ ባወጡት መመሪያ ፒያኖ፣ ከበሮና ድምፃቸው የሚረብሽ መሣሪያዎች በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳይመቱ ታዘዘ። ቅዳሴውም በላቲን ቋንቋ ነበር። የመመሪያው ዓላማ የቲያትር ቤት ሙዚቃ ጸሎትን እንዳይሸፍነው መጠበቅ ነበር። ነገር ግን ወንጌል በተሰበከባቸው ብዙ የአፍሪካ ቦታዎች ሰው የሚያለቅስበትንና የሚደሰትበትን ዜማ በር ላይ ትቶ እንዲገባ አደረገው።

የካሚና ልጆች

በዚያን ጊዜ የቤልጅየም ቅኝ ግዛት በነበረችው ኮንጎ፣ በቀድሞው የካታንጋ ክፍለ ሀገር ካሚና የምትባል ከተማ አለች። በዚያ አባ ጊዶ ሐዘን የተባሉ ቤልጅየማዊ የፍራንሲስካን ካህን ከትምህርት ቤቱ ልጆችና መምህራን ጋር አንድ የመዘምራን ቡድን አቋቋሙ። ልጆቹ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ወደ 45 የሚደርሱ ነበሩ፤ መምህራኑ ደግሞ ወደ 15። ይህ ቡድን በመጋቢት 1958 «ሚሳ ሉባ»፣ ማለትም የሉባ ሕዝብ ቅዳሴ፣ የተባለውን ዝማሬ በካሚና ለመጀመሪያ ጊዜ ዘመረ። በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ተጉዘው አሰሙት።

የቅዳሴው ቃል አልተነካም፤ እንደ ነበረ ቀረ። የተለወጠው ዜማው ነው። ዜማውንም አንድ ሰው ጽፎ አልሰጣቸውም፤ ከሕዝባቸው የዘፈን ስልት ተነሥተው አብረው እየተቀባበሉ ያወጡት ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ።

አሁን የመረጡትን ዜማ ልብ በሉ። እኛ «ኪርያላይሶን» የምንለውን የምሕረት ልመና የዘመሩት በሉባ ሕዝብ የልቅሶ ዜማ ነው። በእኛ አነጋገር በሙሾ ማለት ነው። «ቅዱስ፣ ቅዱስ፣ ቅዱስ» የሚለውን በስንብት ዘፈን ስልት ዘመሩት፤ ሰው ከዘመዱ ሲለያይ በሚዘፈነው። በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ የጌታ መሰቀል ሲነገር ደግሞ፣ በሀገራቸው ሞት የሚታወጅበት የከበሮ ምት ይሰማል። በእኛ ሠፈር የእድር ጡሩንባ ሲነፋ ሁሉም ሥራውን አቁሞ «ማን ሞተ?» እንደሚል ማለት ነው። የካሚና ሰው ያን ከበሮ ሲሰማ የጌታ ሞት ከሩቅ ሀገር የመጣ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ መርዶ ይሆንበታል።

ይህ ዜማን ለጌጥ መጨመር አይደለም። ለእያንዳንዱ ጸሎት የሚስማማው የሀገር ዜማ የትኛው እንደሆነ አስቦ መምረጥ ነው።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ለብዙ ዘመን ሚሳ ሉባ ሲነሣ በስም የሚጠሩት ካህኑ ብቻ ነበሩ። ዜማውን ያመጡት የኮንጎ ልጆችና መምህራን ስም እምብዛም አይነሣም ነበር። የሰው ዜማ ስንቀበል የባለቤቱን ስም ማንሣት ፍትሕ ነው።

የአርጀንቲናው ቅዳሴ

በታኅሣሥ 1963 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ድንጋጌ የየሀገሩ ቋንቋ በቅዳሴ እንዲገባ ፈቀደ። የየሕዝቡ የሙዚቃ ባህልም ተገቢው ክብር እንዲሰጠው አሳሰበ። በዚህ ጊዜ አሪየል ራሚሬዝ (1921–2010) የተባለ አርጀንቲናዊ የሙዚቃ ደራሲ «ሚሳ ክሪዮያ» የተባለውን ቅዳሴ አዘጋጀ፤ በ1964ም ተቀረጸ። የካሚና ልጆች ቃሉን ትተው ዜማውን ብቻ ለወጡ፤ እዚህ ግን ቋንቋውም ስፓንኛ ሆነ። አምስቱ ክፍሎች በየአውራጃው የዘፈን ስልት ተሠሩ። ቻራንጎ የምትባለው ትንሽ ባለ ክር መሣሪያና ቦምቦ የሚባለው ትልቅ ከበሮ ከመዘምራኑ ጋር ቆሙ።

ራሚሬዝ ሐሳቡ ከየት እንደ መጣለት ራሱ ተናግሯል። በወጣትነቱ ብቻውን በአውሮፓ ሲዞር፣ በጀርመን ሀገር በአንድ ገዳም ተጠግቶ ነበር። በዚያ ሁለት እኅትማማች መነኮሳት ስለ ጦርነቱ ዘመን አጫወቱት። በገዳሙ ፊት ለፊት ያለው ቤት በናዚዎች ዘመን አይሁድ የታሰሩበት ነበር። እኅቶቹም ማታ ማታ የተረፈ ምግብ ጠቅልለው በአጥሩ ሥር ያስቀምጡላቸው ነበር። አንድ ቀን ግን ጥቅሉን የሚያነሣው ጠፋ። ራሚሬዝ ይህን ሰምቶ እነርሱን የሚያከብር መንፈሳዊ ሥራ ለመሥራት ወሰነ። ከዓመታት በኋላ የተወለደው ይህ ቅዳሴ ነው።

በታኅሣሥ 2014፣ በተቀረጸ በ50ኛው ዓመት፣ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በሮማ በቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ሲቀድሱ ይኸው ዜማ ተዘመረ። ከበሮ ከተከለከለበት ከ1903 እስከዚያ ቀን 111 ዓመት ነው።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

በመጀመሪያ፣ የየቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ይከበር። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የተሠራ ነው፤ ማንም እንደ ወደደ የሚቀላቅለው አይደለም። እዚህ የምንመክረው በጸሎት ጉባኤና በኅብረት ዝማሬ ጊዜ ስለሚዘመረው ነው። በቅዳሴ ውስጥ ለሚዘመረው አስቀድማችሁ ካህኑን ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ የሌላ ሀገር ዜማ ከመውሰዳችሁ በፊት ባለቤቷን «ይህ በሀገራችሁ መቼ ይዘፈናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሠርግ ዘፈን ለንስሐ ጸሎት አይሆንም፤ የልቅሶ ዜማም ለምስጋና ይከብዳል።

ሦስተኛ፣ ባለቤቷ ታውጣ፣ እናንተ ተቀበሉ። ቅብብሉ አጭር ከሆነ ቋንቋውን የማታውቀውም ትደርስበታለች። እናንተም በተራችሁ ስታወጡ እነርሱ ይቀበሏችኋል።

አራተኛ፣ የትዝታ ወይም የባቲ ዜማ ስታመጡ ኪቦርድ የሚጫወተው ሰው ብዙ ድምፅ አይደርብበት። ቅኝታችን በአምስት ድምፅ የተሠራ ስለሆነ ሲበዛበት ጣዕሙ ይጠፋል። አንድ ድምፅ ይዞ ቢቆይ ይበቃል።

እኅቶቼ፣ ከእናንተ መካከል የእናቷን ወይም የወንድሟን መርዶ በስልክ የሰማች አለች። ልቅሶ ላይ መቀመጥ አልቻለችም፤ በማግስቱ ወደ ሥራዋ ገብታለች። ሙሾዋ በውስጧ ቀርቷል። የካሚና ልጆች የሚያስተምሩን የልቅሶ ዜማ የምሕረት ጸሎት ሊሆን እንደሚችል ነው። «ይህ ለጸሎት አይገባም» ብላችሁ አትዋጡት። ካስፈለገም በኩሽና ውስጥ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ፣ በእናታችሁ ዜማ «ማረን» በሉ።

ለውይይት

1. በሀገራችሁ ለልቅሶ፣ ለስንብትና ለደስታ የሚዘፈኑት ዜማዎች በምን ይለያያሉ? ለየትኛው ጸሎት የትኛው ይስማማል?
2. በጉባኤያችን ውስጥ ዜማዋ እስካሁን ያልተሰማላት እኅት ማን ናት?
3. የሀገር ዜማ ጸሎትን የሚረዳው መቼ ነው? የሚያውከውስ መቼ ነው?

እግዚአብሔር የሁላችሁንም ድምፅ ይስማ። አሜን።