ሴዳን መኪናን በዘመድ ሞዴል ክፍሎች ከፍ ማድረግ፦ የሱባሩ ኢምፕሬዛና የፎሬስተር ማሳያ

አጽሕሮተ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የሴዳን መኪናን ከመሬት ያለውን ከፍታ ለመጨመር፣ በአንድ መሠረት ላይ ከተሠራ ሌላ ሞዴል የተወሰዱ የሰስፔንሽን ክፍሎችን የመጠቀምን ዘዴ ይመረምራል። ለማሳያነት የተመረጡት ሱባሩ ኢምፕሬዛ ሴዳንና ሱባሩ ፎሬስተር ናቸው። ጽሑፉ በቀላል የጂኦሜትሪና የሚዛን ስሌት ላይ ተመሥርቶ ሦስት ነገሮችን ያሳያል፦ የሚገኘው ከፍታ ከየት እንደሚመጣ፣ የጎማው አቋም እንዴት እንደሚለወጥ፣ መኪናው ከመረጋጋቱ ምን ያህል እንደሚያጣ። ማጠቃለያው በብሎን የሚገጥም ክፍል ሁሉ በሥራ የሚስማማ አለመሆኑን፣ ከፍታና ትክክለኛ ጂኦሜትሪም ከአንድ ቋት የሚቀዱ መሆናቸውን ያመለክታል።

1. መግቢያ

ሴዳን መኪና በአስፋልት ላይ እንዲሄድ ታስቦ የሚሠራ በመሆኑ ወለሉ ለመሬት ቅርብ ነው። ጠጠር መንገድ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ጠርዝ ወይም ከፍ ብሎ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ሲያጋጥመው በመጀመሪያ የሚመታው የሞተሩ የዘይት ቋትና የጭስ ማውጫው ነው። ለዚህ ችግር ባለንብረቶች የሚመርጧቸው መፍትሔዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው በስትራቱ አናት ላይ፣ ማለትም ሞላና አሞርዛተር በአንድነት ከተያያዙበት ክፍል በላይ፣ ማራቂያ ማስገባት ነው። ሁለተኛው ሞላውን ብቻ በረጅም ሞላ መተካት ነው። ሦስተኛው ከፍ ካለ ዘመድ ሞዴል ሙሉውን ስትራት ከነሞላው መውሰድ ነው።

ሦስተኛው ዘዴ ከሁለቱ የተሻለ ነው የሚል እምነት በሰፊው አለ። እምነቱ መሠረት ቢኖረውም ወሰኑ በግልጽ መታወቅ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ የሚፈጸም ስሕተት የሚታየው ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን በከፍተኛ ፍጥነት በሚታጠፍበት ወይም ድንገተኛ ፍሬን በሚያዝበት ጊዜ ነው።

2. የሁለቱ ሞዴሎች ዝምድና

ኢምፕሬዛ እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ ቀረበ፤ ፎሬስተር ደግሞ በ1997 በዚሁ መሠረት ላይ ተሠርቶ ወጣ። የሁለቱም የመጀመሪያና ሁለተኛ ትውልዶች በአራቱም ጎማዎች ላይ የማክፈርሰን ስትራት ይጠቀማሉ፤ ስትራቱም ጎማውን ከሚሸከመው ብረት ጋር በሁለት ብሎኖች ይያያዛል። ከሦስተኛው ትውልድ ጀምሮ የኋላው ሰስፔንሽን ወደ ድርብ ክንድ ስለተለወጠ፣ በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው ትንታኔ የሚያገለግለው ከዚያ በፊት ለተመረቱት ብቻ ነው።

አምራቹ ራሱም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል። ከሌጋሲ ስቴሽን ዋገን ከፍ ያለውን አውትባክ አወጣ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም በአሜሪካ ገበያ የሌጋሲን ሴዳን በተመሳሳይ መንገድ ከፍ አድርጎ አቀረበ። ሆኖም አምራቹ ስትራቱን በማስረዘም ብቻ አልተወሰነም። በመኪናው አካልና በተሻጋሪ ብረቶቹ (ክሮስ ሜምበር) መካከል ማራቂያ አስገብቷል። ይህ ዝርዝር የጥናቱ ቁልፍ በመሆኑ በክፍል 4 ይብራራል።

3. ከፍታው ከየት ይገኛል?

እንደ ገበያውና እንደ ሞዴሉ ቢለያይም፣ የኢምፕሬዛ ሴዳን ከመሬት ያለው ከፍታ በ150 እና በ160 ሚሊ ሜትር መካከል፣ የፎሬስተር ደግሞ በ190 እና በ200 ሚሊ ሜትር መካከል ይገኛል። ልዩነቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ማለት ነው። ይህ ልዩነት ግን በሙሉ ከስትራቱ የመጣ አይደለም።

በኢምፕሬዛ ላይ ከሚታዩት የጎማ መጠኖች አንዱ 205/55 አር16 ሲሆን ዲያሜትሩ 632 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በፎሬስተር ላይ የሚታየው 215/60 አር16 ደግሞ 664 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የሬዲየሳቸው ልዩነት 16 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ከ40ው ሚሊ ሜትር ውስጥ 24 ያህሉ ብቻ ለሰስፔንሽኑ ይቀራል።

በሌላ በኩል የፎሬስተር ሞላ የተሠራው ከበድ ላለ አካል ነው። ለስሌት ያህል በእያንዳንዱ ጎማ ላይ ያለው ጭነት በ30 ኪሎ ግራም ቢቀንስና የሞላው ጥንካሬ በጎማው ዘንድ በሚሊ ሜትር 25 ኒውተን ቢሆን፣ ሞላው ከቀድሞው 12 ሚሊ ሜትር ያህል ያንሳል፤ ማለትም ያን ያህል ሳይጨመቅ ይቀራል። በዚህ መነሻ ስትራቱ ብቻውን ለሴዳኑ የሚሰጠው 24 ሲደመር 12፣ በድምሩ 36 ሚሊ ሜትር ነው። ጎማውም ከተለወጠ አጠቃላዩ 52 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የሞዴሎቹን የካታሎግ ልዩነት ብቻ አይቶ 40 ሚሊ ሜትር የሚጠብቅ ሰው ጎማውን ካልለወጠ ከጠበቀው በታች፣ ከለወጠ ደግሞ ከጠበቀው በላይ ያገኛል።

ሙሉውን ስትራት መውሰድ ሞላን ብቻ ከመለወጥ የሚሻልበት ምክንያትም እዚህ ላይ ይታያል። ረጅም ሞላ በሴዳኑ የራሱ አሞርዛተር ላይ ቢገባ ዘንጉ ገና መኪናው ቆሞ ሳለ 36 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ይገኛል። አሞርዛተሩ ወደ ታች ለመዘርጋት የነበረው ቦታ 70 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ አሁን 34 ብቻ ይቀረዋል። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ዘንጉ ከመጨረሻው ጫፍ ጋር ይጋጫል፤ ጎማውም መሬቱን ይለቃል። የዘመዱ ሞዴል አሞርዛተር ግን ርዝመቱ ከሞላው ጋር ተመጥኖ የተሠራ ስለሆነ ይህ ችግር አይገጥመውም።

4. የጂኦሜትሪው ለውጥ

አካሉ ከፍ ሲል የታችኛው ክንድ ውስጣዊ ጫፍ አብሮ ይነሣል፤ ውጫዊው ጫፍ ግን ከጎማው ጋር ባለበት ይቆያል። ክንዱ 340 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና ቀድሞ አግድም ቢሆን፣ ከ36 ሚሊ ሜትር መነሣት በኋላ ውጫዊው ጫፍ ወደ ውስጥ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ይሳባል። ስትራቱ 600 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 12 ዲግሪ ዘመም ያለው ቢሆን ዘመሙ ወደ 11.2 ዲግሪ ይወርዳል። የጎማው አናት ወደ ውጭ ስለሚወጣ ካምበር ወደ አዎንታዊ ጎን 0.8 ዲግሪ ያህል ይለወጣል ማለት ነው። በፊት ጎማዎች ላይ የስትራቱ የላይኛው ብሎን ካምበርን ለማስተካከል የተዘጋጀ በመሆኑ ይህን ማረም ይቻላል። በኋላ ጎማዎች ላይ ግን እንዲህ ያለ ማስተካከያ በፋብሪካው አልተሰጠም።

የኋላው ጎማ ሌላ ለውጥም ያሳያል። ጎማውን ከፊት ለፊቱ ካለው የአካሉ ክፍል ጋር የሚያያይዘው ክንድ (ትሬሊንግ አርም) ወደ ታች በዘመመ ቁጥር ጎማውን ወደ ፊት ይስበዋል። ርዝመቱ 450 ሚሊ ሜትር የሆነና ቀድሞ 20 ሚሊ ሜትር ወደ ታች የዘመመ ክንድ፣ ዘመሙ 56 ሚሊ ሜትር ሲሆን ጎማውን 3 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ያመጣዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቅ ጎማ አብሮ ከገባ ጎማው ከፊት ያለውን የጭቃ መከላከያ ጠርዝ ወደ መንካት ይቀርባል። ከዚህም በላይ የክንዱ ጎሚኒ ዘወትር ተጠምዝዞ ስለሚሠራ ዕድሜው ያጥራል።

ከሁሉ የሚከብደው ኃይል ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ዘንግ ጉዳይ ነው። በሁለቱ ሲቪ ጆይንቶች መካከል ያለው ርቀት 380 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 36 ሚሊ ሜትር መነሣት በጆይንቶቹ ላይ 5.4 ዲግሪ ማዕዘን ይጨምራል። መኪናው ሲሄድ ይህ ማዕዘን በየዙሩ ይሠራል፤ ሙቀትንና የጎማ ልባሱን ድካም ያበዛል። ጎማው ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ደግሞ ማዕዘኑ ከጆይንቱ ወሰን ሊያልፍ ይችላል።

አምራቹ በአውትባክ ላይ ማራቂያ ያስገባው ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመመለስ ነው። ተሻጋሪው ብረት ዝቅ ሲል የክንዱ ውስጣዊ ጫፍ፣ በላዩ ያረፈው ሞተርና የመሪው ሳጥን አብረው ይወርዳሉ። ክንዱም፣ የመሪው ዘንግም፣ የኃይል ዘንጉም ወደ ቀድሞ አቋማቸው ይመለሳሉ። ዋጋው ግን ግልጽ ነው። 36 ሚሊ ሜትር ከተነሣ አካል ላይ ተሻጋሪው ብረት በ20 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢደረግ፣ በተሻጋሪው ብረት ሥር የሚቀረው ትርፍ 16 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጂኦሜትሪን ያስመለሰ ከፍታን ይከፍላል፤ ከፍታን ሙሉ በሙሉ የያዘም ጂኦሜትሪን ይከፍላል። በሁለቱ መካከል ምንም ሳይከፈልበት የሚገኘው ከፍታ የጎማው ብቻ ነው፤ እርሱም የራሱ ዕዳ አለው፦ ዲያሜትሩ በ5 በመቶ ስለሚያድግ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ከቀድሞው በ5 በመቶ ይበልጣል።

5. የመረጋጋት ዋጋ

የስበት ማዕከሉ 530 ሚሊ ሜትር ከፍታ ላይ፣ የግራና የቀኝ ጎማዎች ርቀት 1465 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 1300 ኪሎ ግራም የሆነ ሴዳን ይታሰብ። ስትራቱ ጎማዎቹንና ፍሬኖቹን ስለማያነሣ፣ ከ36 ሚሊ ሜትሩ ውስጥ ለጠቅላላው የስበት ማዕከል የሚደርሰው 32 ያህሉ ነው። የጎማው 16 ሲጨመር ማዕከሉ 578 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር የመገልበጥ አደጋን ለመመዘን ከሚጠቀምባቸው መለኪያዎች አንዱ የጎማዎቹን ርቀት ለስበት ማዕከሉ ከፍታ እጥፍ በማካፈል ይገኛል። ቁጥሩ ሲቀንስ የመገልበጥ ዕድሉ ያድጋል። በዚህ ማሳያ መለኪያው ከ1.38 ወደ 1.27 ይወርዳል። በመታጠፊያ ላይ የጎን ግፊቱ 0.7 የስበት ኃይል ሲሆን ከውስጠኛው ወደ ውጨኛው ጎማ የሚተላለፈው ጭነት ከ3230 ወደ 3520 ኒውተን ገደማ፣ ማለትም በ9 በመቶ፣ ይጨምራል። ሴዳኑ ከዚህ በኋላ መታጠፍ ያለበት እንደ ፎሬስተር እንጂ እንደ ቀድሞው አይደለም። አሽከርካሪው ይህን ካላወቀ፣ በተለይም ጣሪያው ላይ ዕቃ ከጫነ፣ ያተረፈው ከፍታ ራሱ የአደጋ ምክንያት ይሆንበታል።

6. የፍተሻ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተመለከተው ትንታኔ የሚከተለው የሥራ ቅደም ተከተል ይወጣል።

አንደኛ፣ ክፍሎቹ ከመፈታታቸው በፊት በአራቱም ማዕዘኖች ከጎማው መሐል እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ያለው ርቀት ይመዘገባል። ሁለተኛ፣ የስትራቱ የላይኛው ማያያዣ ቀዳዳዎች እንደ ምርት ዓመቱና እንደ ፊትና ኋላው ሊለያዩ ስለሚችሉ በሴዳኑ ላይ ይለካሉ፤ ቀዳዳን በማስፋት ማስገጠም አይገባም። ሦስተኛ፣ አራቱም ስትራቶች በአንድነት ይለወጣሉ። አራተኛ፣ መኪናው በሊፍት ላይ ተነሥቶ ጎማዎቹ እንደተንጠለጠሉ እያንዳንዱ ጎማ በእጅ ይሽከረከራል፤ የሲቪ ጆይንት መያዝ፣ የፍሬን ቱቦ መወጠር ወይም የኤቢኤስ ገመድ መሳብ ከታየ ሥራው ይቆማል። አምስተኛ፣ የጎሚኒዎቹ ብሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ስድስተኛ፣ የጎማ አሰላለፍ ይሠራል፤ የፊት መብራቱም ዳግም ይስተካከላል። ሰባተኛ፣ መኪናው በአራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ አራቱም ጎማዎች በመጠንም በልባሽነትም እኩል ሊሆኑ ይገባል፤ አለዚያ የመሐሉ ዲፈረንሻል ያለ እረፍት ይሠራል።

7. መደምደሚያ

የዘመድ ሞዴል ስትራት ከማራቂያም ከረጅም ሞላም የተሻለ መነሻ ነው፤ ሞላው፣ አሞርዛተሩና የእንቅስቃሴው ርዝመት በአንድነት የተመጠኑ ናቸውና። ነገር ግን ስትራቱ ከፎሬስተር ሲመጣ የቀሩት ክፍሎች፣ ማለትም ክንዶቹ፣ የኃይል ዘንጎቹና የመሪው አቋም፣ የኢምፕሬዛ እንደሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ ጥያቄው ክፍሉ ይገጥማል ወይ ሳይሆን፣ በስንት ሚሊ ሜትር ላይ የቀሩት ክፍሎች ከእርሱ ጋር መስማማታቸውን ያቆማሉ የሚል ሊሆን ይገባል። በዚህ ማሳያ ካምበሩ የሚታረም፣ የኃይል ዘንጉ ማዕዘን ግን ለማራቂያ የሚቀርብ ሆኖ ተገኝቷል። ተመሳሳይ ስሌት፣ የክንዱና የዘንጉ ርዝመት በሜትር ተለክቶ፣ ለማንኛውም ሌላ ሴዳንና ዘመዱ ብሎኑ ከመፈታቱ በፊት ሊሠራ ይችላል።