አደይን ከሥሯ አንንቀል

ከቢቸናም ሆነ ከሞጣ ወጣ ስንል በመስከረም ሜዳውንና የማሳውን ድንበር ቢጫ የምታለብሰው አደይ አበባ ናት። ለእንቁጣጣሽ ታቅፈናት እንዞራለን፤ ለደመራም ችቦውን እናስጌጥባታለን።

አንድ ዓመት እኛው ራሳችን በአጥቢያችን አጥር ዙሪያ የነበረውን አደይ ሁሉ እየነቀልን ጨረስነው። በዓመቱ እዚያው ብንሄድ ያገኘነው ጥቂት ዘለላ ብቻ ነበር። እጅግ አፈርን።

አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት። አብባ፥ ዘር ጥላ ትደርቃለች፤ በሚመጣው ክረምት የምትበቅለውም ከዚያ ዘር ነው። አንድ አበባ የምንላት የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ናት። ዳር ዳሩን ያሉት ሰፋፊ ቢጫዎች ንብ ይጠራሉ እንጂ ዘር አይሰጡም፤ ዘር የሚይዙት በመካከል ያሉት ደቃቆቹ ናቸው። (የአደይን ማር የቀመሰ ንቦቹ ለምን እንደሚተጉ ያውቃል!)

ስለዚህ ስንፈልጋት ግንዷን በምላጭ እንቁረጥ፥ ከየቦታውም ጥቂቱን ለዘር እንተው። ራሷ ደርቆ ሲጠቁር ዘሩን ለቅመን በጨርቅ እንቋጥር፤ ክረምት ሲገባ በግቢያችን አፈሩን ጫር ጫር አድርገን እንበትነው፤ በጥልቁ አይቀበር።

እኛ በኅዳር የመጀመሪያው እሑድ ከትምህርት በኋላ ለቀማ እንወጣለን። ወንፊት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።