የነፍሰ ጡር መጠጥና የልጅ አእምሮ

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሁላችን የምናውቀው ዓይነት ሕፃን አለ፤ ትናንት በቃሉ ያጠናውን ጸሎት ዛሬ ይረሳል፤ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲታዘዝ ሁለተኛውን አይፈጽምም፤ ተቀመጥ ሲሉት ይነሣል። እኛም ሰነፍ ወይም ባለጌ ነው ብለን ለመቅጣት እንቸኩላለን። እንዲህ ላለው ጠባይ ግን ልዩ ልዩ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ ከእነዚህም አንዱ ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ የደረሰበት ጉዳት ነው። በዚህ ትምህርት አልኮልና ካናቢስ በጽንስ ላይ የሚያደርሱትን እንመለከታለን።

ሀ. አልኮል

እናት የጠጣችው አልኮል በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ጽንሱ ደም ይገባል። የጽንሱ ጉበት ገና ስላልጠነከረ አልኮሉን እንደ እናቱ ሊያስወግድ አይችልም። አብዛኛው የአካል ክፍል የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ምናልባትም እናት ማርገዟን ሳታውቅ ነው። አንጎል ግን በእርግዝናው ወራት ሁሉ ስለሚያድግ ለጉዳት የማይጋለጥበት ወር የለም።

እ.ኤ.አ. በ1968 ፖል ለምዋን የተባሉ የፈረንሳይ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከጠጪ ወላጆች በተወለዱ 127 ልጆች ላይ ያዩትን ጉዳት ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ በአሜሪካ ሲያትል ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ ጉዳቱን የጽንስ አልኮል ሲንድሮም ብለው ሰየሙት። ምልክቶቹም የአካል ዕድገት ማነስ፣ የላይኛው ከንፈር መሳሳትና የማስታወስ፣ የማስተዋልና የሒሳብ ችሎታ መድከም ናቸው። ብዙዎቹ የተጎዱ ልጆች ግን በፊታቸው ላይ ምንም ምልክት ስለማይታይባቸው ችግራቸው የሚገለጠው ትምህርት ሲጀምሩ ነው።

«ጠላ ምን ይጎዳል? የሚከፋው አረቄ ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን 5 ከመቶ አልኮል ባለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ ያለው አልኮል፣ 40 ከመቶ አልኮል ባለው 40 ሚሊ ሊትር አረቄ ውስጥ ካለው ጋር ይስተካከላል። የቤት ጠላና ጠጅ ደግሞ ኃይላቸው ምን ያህል እንደ ሆነ አይጻፍባቸውም። ለጽንስ አይጎዳም ተብሎ የተረጋገጠ የአልኮል መጠን የለም።

ለ. ካናቢስ

በካናቢስ ውስጥ ያለው አስካሪ ንጥረ ነገርም በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ያልፋል። በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚከማች ቶሎ አይወጣም፤ በጡት ወተትም ይተላለፋል። ካናቢስ በሚያጨሱ እናቶች ዘንድ ክብደቱ ያነሰ ልጅ መውለድ እንደሚበዛ ጥናቶች አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳ ኦታዋ የተጀመረው ጥናትም ልጆቹን ለብዙ ዓመታት ተከታትሎ፣ ትኩረትን በሚጠይቁ ተግባራት ድካም አግኝቶባቸዋል። ብዙዎች ካናቢስን ከትምባሆ ጋር ስለሚያጨሱ የእያንዳንዱን ጉዳት ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፤ ማስረጃውም እንደ አልኮሉ የጠነከረ አይደለም። ቢሆንም የአሜሪካ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ማኅበር ነፍሰ ጡር ሴት ለማቅለሽለሽ ብላ እንኳ እንዳትወስደው ይመክራል። በአንዳንድ አገሮች በሕግ መፈቀዱም ለጽንስ አይጎዳም ማለት አይደለም።

ሐ. የቤተ ሰብ ድርሻ

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 13 የሶምሶን እናት ከወይን ጠጅና ከብርቱ መጠጥ እንድትጠበቅ ታዝዛለች። ትእዛዙ ስለ ናዝራዊነት ቢሆንም ባልዋ ማኑሄም ስለ ልጁ አስተዳደግ እንደ ጠየቀና ትእዛዙ ለእርሱም እንደ ተደገመለት ልብ እንበል። ዛሬም ጥንቃቄው የሴቲቱ ብቻ ሊሆን አይገባም። ባል ከእርስዋ ጋር መጠጥ ቢተው ሸክሟን ያቀልላታል፤ ጎረቤትም በድግስ ላይ «ቅመሺ» ብሎ ባያስገድዳት መልካም ያደርጋል።

ሳታውቅ የጠጣችውን እናት ከመውቀስ እንጠበቅ፤ ወቀሳ እውነቱን ለሐኪም እንዳትናገር ያደርጋታልና። በማናቸውም ወር ብታቆም ለልጅዋ ይጠቅማል። በየቀኑ አብዝታ የምትጠጣ ግን በድንገት ማቆም ለእርስዋም ለጽንሱም አደገኛ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማ ሐኪም ታማክር።

እኛ መምህራን ሐኪሞች ስላልሆንን በልጁ ላይ የበሽታ ስም አንለጥፍ። ወላጆቹን በምስጢር አነጋግረን ወደ ጤና ጣቢያ እንምራ። በክፍልም ትምህርቱን በአጭር በአጭሩ እንስጠው፤ አንድ ትእዛዝ ብቻ እንንገረው፤ ደጋግመንም እናሳየው። የአንጎሉ ጉዳት ባይሽርም፣ በጊዜ የተረዳ ልጅ ይማራል።

ለውይይት፦
1. በሰበካችን ድግስ ለነፍሰ ጡር ሴት ምን መጠጥ እናቀርባለን?
2. ደጋግሞ የሚረሳን ልጅ ሳንቀጣ እንዴት ልናስተምረው እንችላለን?