ምዕራፍ ስድስት፦ መቀመጫውን በጣትዎ ይለኩ

ጤነኛ መንገደኛ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ወደ 300 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሲጓዝ፣ ሳያስበው አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ዳሌው ይቀመጣል። ገላው ሲደነዝዝ ያስነሣዋል። አከርካሪው ተጎድቶ ከወገቡ በታች የማይሰማው ሰው ግን ይህ ማስጠንቀቂያ አይደርሰውም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር አጥንቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ቆዳው ወንበሩ ላይ ይቀራል፤ በመካከል ያለው ሥጋ ይጎተታል።

የአልጋ ቁስል የምንለው ተቀምጦም ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጥ፣ አጥንት ሥጋውን ከሚጫንበት ነው፤ ስለዚህ ላዩ ትንሽ መስሎ ውስጡ ሊሰፋ ይችላል። ቀጫጭን ደም ሥሮችን ለመዝጋት ብዙ ግፊት አያስፈልግም። ዘወትር የሚጠቀሰው 32 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ደም ግፊት ስንለካ ከምንሰማው 120 ሩብ ያህሉ መሆኑ ነው። ሱፐርማንን በፊልም የተወነው፣ አከርካሪው ተጎድቶ የነበረው ክሪስቶፈር ሪቭ እንኳ፣ አስታማሚ ሳይጎድለው፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ያረፈው እንዲህ ያለ ቁስል አመርቅዞበት ሲታከም ሳለ ነው። ቁስል በወጣ ቁጥር ቤተሰብን መውቀስ ተገቢ አይደለም።

በውጭ አገር የጫናውን መጠን በቀለም የሚያሳይ፣ ወንበር ላይ የሚነጠፍ ስስ መለኪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት የዊልቸር ሥልጠና ግን የሚያስተምረው በጣት መለካትን ነው። ጥፍርዎን ይቁረጡ፤ መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው በዊልቸሩ መቀመጫ ትራስና በተቀመጠው ሰው መካከል ያስገቡ፣ የመቀመጫ አጥንቱን ይፈልጉ። ጣትዎ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ከተንቀሳቀሰ ደኅና ነው። ካልተንቀሳቀሰ፣ ግን በቀላሉ ከወጣ፣ ይጠንቀቁ። ተቆንጥጦ ከተያዘ መቀመጫው አደገኛ ነው። ሁለቱንም ጎን ይለኩ።

ጣትዎ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ከተያዘ መጀመሪያ የእግር ማሳረፊያውን ይዩ፤ ከፍ ካለ ጉልበት ይነሣና ክብደቱ ሁሉ መቀመጫ ላይ ይወድቃል። ከዚያ ወፈር ያለ ስፖንጅ ይሞክሩና እንደገና ይለኩ። በጎጃም ቤት የማይጠፋው አጎዛ ላብ ይመጥጣል፣ ከመፋቅም ያድናል፤ ክብደትን ግን አያከፋፍልም፣ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። ከመነዳሪ ላይ ማስቀመጥ ይቅር፤ ዙሪያውን ጨቁኖ መሃሉን ደም ያሳጣዋል።

ትራሱ ምንም ቢሆን፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሰውየው ደረቱን ወደ ጭኑ ዘንበል አድርጎ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆይ። ማታ ማታ ቆዳውን ይዩ። በጠይም ገላ ላይ መቅላቱ አይታይም፤ መጥቆሩን፣ መሞቁን፣ መጠጠሩን በእጅዎ ይዳስሱ። ካገኙ እስኪለቅ ድረስ በዚያ ቦታ አያስቀምጡት፤ ከተላጠ ወይም ከሸተተ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።